የቤት ችግራችንን የሚጽፍ የአገር ልጅ እናቁም

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች የጋዜጣ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)






በበዓል ቀን የሚደረግ ንግግር ብዙ ጊዜ ያለፈውን ድካም ማመስገኛ፣ የሚመጣውንም ዘመን መመኛ ነው። እኛ ግን የጋዜጣ ክበብ አባሎች እንደ መሆናችን ስለ ጋዜጣና ስለ ቤት ልንነግራችሁ መረጥን። ሁለቱን ምን አገናኛቸው የሚል ቢኖር፣ በትዕግሥት ቢያዳምጠን መልሱን እንደሚያገኘው ተስፋ እናደርጋለን።

የአምቦ ውሃ በጠርሙስ እየታሸገ መሸጥ ከጀመረ ከ90 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ ከተማችንን በዓይኑ ያላየ ሰው እንኳ ስሟን በማዕዱ ላይ አንብቦታል። ነገር ግን በዚህች ሀገረ ሕይወት ተብላ በተጠራች ከተማ ሰው በምን ዓይነት ቤት እንደሚኖር፣ ለቤቱ ስንት እንደሚከፍል፣ በስንት ቀን ማስጠንቀቂያም «ልቀቅ» እንደሚባል በጠርሙሱ ላይ አልተጻፈም። ውሃው ከከተማው ይወጣል፤ የነዋሪው ችግር ግን እዚያው ይቀራል። ይህን ወደ አደባባይ ሊያወጣው የሚችል ጋዜጠኛ ነው፤ ጋዜጠኛውም ሥራውን የሚሠራው የሚበላው ሲኖረው ነው። የንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ነገሩን ከራሳችን እንጀምር። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው ተማሪዎች ብዙዎቻችን ከጀልዱ፣ ከደንዲ፣ ከቶኬ ኩታዬ፣ ከኤልፈታና ከሌሎችም ወረዳዎች ገጠር የመጣን ነን። ትምህርታችንን ለመቀጠል ወደ ከተማ መውረድ ግድ ስለሆነብን፣ ሦስትም አራትም ሆነን አንዲት ክፍል እንከራያለን። ዱቄቱን፣ በሶውን፣ ቆሎውንና ድንቹን ከቤተሰቦቻችን እናመጣለን። አባቶቻችን በግ ወይም ጤፍ ሸጠው የሚልኩልን ገንዘብ ከደብተርና ከእስክርቢቶ አስቀድሞ የሚሄደው ለቤት ኪራይ ነው።

በዓመቱ መካከል «ከመጪው ወር ጀምሮ ኪራይ ጨምሯል» የተባልን እንደ ሆነ መንገዳችን ሦስት ነው። ወይ አንድ ሰው ጨምረን በአንዲት ክፍል አምስት እንሆናለን፤ ወይ ከትምህርት ቤት ወደ ራቀ ሰፈር እንሄዳለን፤ አለዚያም መጽሐፋችንን ይዘን ወደ አገራችን እንመለሳለን። ሦስተኛው መንገድ የገጠመው ጓደኛችን በመዝገብ ላይ የሚጻፈው «ትምህርቱን ያቋረጠ» ተብሎ ነው። «ቤት ያጣ» የሚል ዓምድ በመዝገቡ ላይ የለም። መምህሩ ሰነፈ ብሎ ያዝንበታል፤ አባቱም ልጄ ትምህርት ጠላ ይላል። እውነተኛውን ምክንያት የሚያውቀው አብሮት የተከራየው ጓደኛው ብቻ ነው።

ይህን የምንናገረው አከራዮቻችንን ለመውቀስ አይደለም። ከአከራዮቻችን ብዙዎቹ ባላቸው የሞተባቸው እናቶችና ጡረታቸው የማይበቃቸው አረጋውያን ናቸው። የእነርሱም እንጀራ ያችው የጓሮ ክፍል ናት። ቆርቆሮና ምስማር ሲወደድ እነርሱም ይጨነቃሉ። እንግዲህ የተከራዩ ነገር እንዳልተጻፈ ሁሉ የአከራይቱም ነገር አልተጻፈም ማለት ነው። ሁለቱም የሚነጋገሩት በበር ላይ ነው፤ ንግግሩም አብዛኛውን ጊዜ በጭቅጭቅ ያልቃል።

የቤት ነገር በአገራችን የቆየ ጉዳይ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን ሁሉ የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ ረከሰ፤ ብዙ ድሀም ከመፈናቀል ዳነ። ነገር ግን ከረከሰው ኪራይ ለማደሻ የሚተርፍ ስላልነበረ፣ ጭቃው ሲረግፍና ጣራው ሲያፈስ ብዙ ዘመን አለፈ። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም መሠራት ጀመረ፤ በ1997 ዓ.ም. እና በ2005 ዓ.ም. የተመዘገበውም ሕዝብ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ነበር። በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ወጣ። በዚህ አዋጅ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ የውሉም ዘመን ከ2 ዓመት እንዳያንስ ታዘዘ። የቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም በዓመት ከ1 ጊዜ በላይ እንዳይደረግ ተደነገገ።

አዋጁ መልካም ነው። ታዲያ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶና በባኮ ከተከራዮች መካከል የተጻፈ ውል በእጁ ያለው ስንቱ ነው? አዋጁ በነዚህ ከተሞች ምን ያህል ሠራ? ተከራዩስ ስለ አዋጁ ሰምቷልን? እነዚህን ጥያቄዎች ቤት ለቤት ዞሮ፣ ጠይቆና ቆጥሮ የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል። አዋጅ ከአዲስ አበባ ሊወጣ ይችላል፤ በአዋጁ መሠረት መሠራቱና አለመሠራቱ ግን የሚታወቀው በየደጃፉ ነው።

በዋና ከተማ የሚሆነውን የቤት ጉዳይ አገር ሁሉ ይሰማል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለ25,791 የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ከወጣ በኋላ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ዕጣው ሲሰረዝ፣ ወሬው በአንድ ቀን በየአውራጃው ደረሰ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ተጀምሮ የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሲነሣም እንዲሁ ሆነ። ጋዜጠኞች፣ ካሜራዎችና ማተሚያ ቤቶች ያሉት እዚያው ስለሆነ ነው። የሆነ ሆኖ በዋና ከተማውም ቢሆን ድሀው የሚኖርበት ጥግ ሳይታይ የሚቀርበት ጊዜ አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 የማያንሱ ሰዎች ሲሞቱ፣ በክምሩ ሥር ሰው ቤት ቀልሶ ይኖር እንደ ነበር ብዙው ሕዝብ ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ጎረቤቱ ግን አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ጎረቤት የሚያውቀውን አገር የሚያውቀው ሰው ከሞተ በኋላ ሲሆን፣ በመካከል የጎደለ ሰው አለ ማለት ነው።

እኛም በምዕራብ ሸዋ ይህን ጉድለት በከባድ ዋጋ አይተነዋል። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን በተሰማ ጊዜ፣ ገበሬው ከመሬቱና ከቤቱ ይነሣል በሚል ሥጋት በከተማችን ተማሪዎች ተቃውሞ አደረጉ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ በጊንጪ ስለ ደንና ስለ ትምህርት ቤት መጫወቻ ሜዳ የተነሣው ተቃውሞ ወደ ብዙ የኦሮሚያ ከተሞች ተዛመተ። ማስተር ፕላኑም በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። በዚህ መካከል የጠፋው ሕይወት ግን አልተመለሰም። የዚያን ዘመን ፖለቲካ ለመዳኘት አልተነሣንም። የምንለው ይህን ነው፤ ዕቅዱ ገና በወረቀት ላይ ሳለ፣ «መሬትህ ቢለካ ወዴት ትሄዳለህ? ካሣውስ ስንት ዓመት ያኖርሃል?» እያለ ገበሬውን የሚጠይቅ፣ መልሱንም በየሳምንቱ በገበሬው ቋንቋ የሚያሳትም የደንዲ ወይም የአምቦ ልጅ ቢኖር፣ ቁጣው ከመፈንዳቱ በፊት ጥያቄው ሊሰማ ይችል ነበር።

አባቶቻችን ይህን ጥበብ ያውቁት ነበር። በጥንት ዘመን አገር ገዥው የሕዝቡን ልብ ማወቅ ሲፈልግ «እረኛ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር ይባላል። መኳንንቱን ትቶ እረኛውን ማስጠየቁ፣ እረኛው በሜዳ ውሎ ያየውንና የሰማውን ሳይፈራ ስለሚያንጎራጉር ነው። በአፋር ወንድሞቻችን ዘንድም ዳጉ የሚባል ሥርዓት አለ። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን በየተራ ይነጋገራሉ፤ የሐሰት ወሬ ያቀበለ ሰው ግን በወገኖቹ ዘንድ ይወቀሳል። እንግዲህ ጋዜጠኝነት ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም። የጎደለው ለእረኛው የሚሆን ደመወዝ ነው።

«ከዋና ከተማ አንድ ጋዜጠኛ መጥቶ ለምን አይጽፍም?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ቢመጣ ደስ ይለናል። ነገር ግን የቤት ችግር ገመና ነው። ሰው ረሀቡን ይናገር ይሆናል፤ የተኛበትን ፍራሽና የሚያፈሰውን ጣራ ግን ለማያውቀው ሰው አያሳይም። እንግዳው ጋዜጠኛ ማለዳ ደርሶ ማታ የሚመለስ ስለሆነ፣ የሚያገኘው የመሥሪያ ቤት መግለጫና በመንገድ ዳር ያነጋገረውን ሰው ቃል ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንደሚባለው ይሆንበታል። የሰፈሩ ልጅ ግን በየትኛው ግቢ ስንት ቤተሰብ እንዳለ፣ የትኛዋ እናት በዚህ ዓመት ለሦስተኛ ጊዜ ዕቃዋን በጋሪ እንደ ጫነች ያውቃል። በአፋን ኦሮሞ ይጠይቃል፤ በአማርኛም ይጽፋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከጻፈ በኋላም በዚያው መንገድ ስለሚያልፍ፣ የዋሸ እንደ ሆነ በማግስቱ በሰፈሩ ሰው ፊት ያፍራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። የአገር ልጅ ስንል ዘር መቁጠራችን አይደለም። የአገር ልጅ የምንለው በዚያው ሰፈር የሚኖረውን፣ ቋንቋውን የሚያውቀውን፣ በሰፈሩ እድር ገብቶ በለቅሶውም በሠርጉም የሚገኘውን ሰው ነው። ከየትም ይምጣ፣ ኪራይ ሲጨምር የሚጨምርበት ሰው የአገር ልጅ ነው።

በውጭ አገርም የተፈተነ ነገር ነው። ያዕቆብ ሪስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1870 ከዴንማርክ ወደ ኒውዮርክ ሄዶ፣ ቤት አጥቶ ለድሆች በተዘጋጀ የፖሊስ ጣቢያ ማደሪያ አድሮ ነበር። በኋላ ጋዜጠኛ ሆነና የድሆችን ቤት በጽሑፍና በፎቶግራፍ እያሳየ እ.ኤ.አ. በ1890 መጽሐፍ አሳተመ። የፖሊስ አዛዦች ሸንጎ ሰብሳቢ የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት እነዚያን ማደሪያዎች እ.ኤ.አ. በ1896 አዘጋቸው። ሪስ የጻፈው አድሮበት ስላወቀው ነው።

በካናዳ ሰሜን አታዋፒስካት የሚባል የቀደምት ነዋሪዎች መንደር አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የመንደሩ መሪዎች ሕዝባቸው በድንኳንና በደሳሳ ጎጆ ክረምት ሊገባበት ስለሆነ የቤት አስቸኳይ ጊዜ ሲያውጁ፣ የካናዳ ሕዝብ ደነገጠ። የመንደሩ ሰው ግን ችግሩን ከኖረበት ቆይቶ ነበር። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ጋዜጠኛ ለሌላቸው አካባቢዎች በ5 ዓመት 50 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር መድባ የጋዜጠኞችን ደመወዝ መክፈል ጀመረች፤ የቀደምት ሕዝቦች ጋዜጦችም ተካፈሉበት። ገንዘቡ የመንግሥት ቢሆንም ማን ይቀጠር የሚለውን የሚወስነው መንግሥት አይደለም። በእንግሊዝም ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ወደ 150 ለሚሆኑ ጋዜጠኞች ደመወዝ ሲከፍል፣ የሚቀጥሯቸው ግን የየአካባቢው ጋዜጦች ናቸው፤ ሥራቸውም የየከተማውን ምክር ቤት መከታተል ነው። ከዚህ የምንማረው የሚከፍለውና የሚያዘው የተለያዩ መሆን እንዳለባቸው ነው።

በአገራችን ይህ ትምህርት በጣም ያስፈልጋል። ደመወዙ የማይበቃው ጋዜጠኛ ወደ ስብሰባ ሲጠራ ከጠራው መሥሪያ ቤት አበል ይቀበላል። አበል የሰጠውንም ቤት ጉድለት መጻፍ ይከብደዋል። ይህ የሰውየው ክፋት ሳይሆን የሆዱ ጉዳይ ነው። ድሀ ተከራይ ደግሞ አበል የሚሰጥበት ስብሰባ ስለማይጠራ፣ የእርሱን ነገር የሚጽፍለት አያገኝም። ስለዚህ የአገር ልጅ ጋዜጠኛን በሥራው እናመስግነው ማለት አይበቃም፤ ደመወዝ ልንቆርጥለት ይገባል።

«የሰፈር ልጅ ለወገኑ ያዳላል፤ አከራዩ አጎቱ ቢሆንስ?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ትክክል ነው። «ብቻውን ሆኖ ባለ ሥልጣንን ወይም ባለ ሀብትን ይደፍራልን?» የሚለውም እንዲሁ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላልና፣ ብቻውን የቆመ ጋዜጠኛ አጥሩ በቀላሉ ይነቀነቃል። መልሳችን ከኋላው ማኅበር ይቁም የሚል ነው።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የመጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ከአባሎቹ መዋጮ እየሰበሰበ ለትምህርት ቤት፣ ለመንገድና ለሕክምና ጣቢያ ሥራ ይደክም እንደ ነበር ታላላቆቻችን ያውቃሉ። መዋጮ ለምዕራብ ሸዋ ሰው እንግዳ አይደለም። ዛሬም በየሰፈራችን እድር አለ። እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፤ ሰው በሕይወቱ ሳለ ከቤቱ ሲወጣ ግን የሚተከልለት ድንኳን የለም። እድሮቻችን ከየአባሉ ጥቂት ሳንቲም ለዚህ ሥራ ቢመድቡ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ አንድ ጋዜጠኛ ለአንድ ዓመት ማቆም የማይቻል አይሆንም። በውጭ አገር የሚኖሩ የከተማችን ተወላጆችም ይህን ቢሰሙ ይረዳሉ ብለን እናምናለን። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ለትርፍ ያልቆመ የማኅበረሰብ ሬዲዮ እንዲኖር ስለሚፈቅድ፣ የተጻፈው በሬዲዮም ሊነገር ይችላል። እስከዚያው ድረስ በየቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ይበቃል።

ነገር ግን ገንዘቡ ያለ ሥርዓት ከተሰጠ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። ስለዚህ ክበባችን ተመካክሮ የሚከተሉትን አራት ደንቦች ያቀርባል።

1ኛ፣ ገንዘብ የሰጠ ሰው ወይም ድርጅት ጽሑፉን ከመታተሙ በፊት እንዳያይ፣ እንዲለወጥም እንዳያዝ።

2ኛ፣ ገንዘቡን የሚይዘው ከእድር ዳኞች፣ ከመምህራን፣ ከተከራዮችና ከአከራዮች የተመረጠ ሸንጎ እንዲሆን፤ ሒሳቡም በየ6 ወሩ በአደባባይ እንዲነበብ።

3ኛ፣ ጋዜጠኛው ከሚጽፍበት መሥሪያ ቤት፣ ከአከራይም ሆነ ከተከራይ አበልና ስጦታ እንዳይቀበል፤ ስለ ዘመዱ ቤት የሚጻፍ ነገር ቢመጣ ለሌላ ሰው እንዲያስተላልፍ።

4ኛ፣ የችግረኛው ስምና የቤቱ ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ እንዳይወጣ። ሰው ቤት ስላጣ ክብሩን ማጣት የለበትም።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን፣ እኛም ባዶ እጃችንን አልመጣንም። ገንዘብ የለንም፤ መጻፍ ግን አስተምራችሁናል። በክበባችን ስም አንድ መዝገብ ከፍተን፣ ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች በፈቃዳችን የኪራያችንን መጠን፣ በአንዲት ክፍል ስንት እንደምንሆን፣ በዓመቱ ስንት ጊዜ ቤት እንደ ለወጥን፣ የተጻፈ ውል ይኑረን አይኑረን እንመዘግባለን። ስም አንጽፍም። መዝገቡን ዓመቱ ሲያልቅ ለርእሰ መምህራችን፣ ጋዜጠኛው ሲቆም ደግሞ ለእርሱ እናስረክባለን። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላልና፣ እኛ ወሬውን በቁጥር እናመጣለን፤ መላውን እናንተ ጨምሩበት።

መምህራኖቻችንን የምንለምናቸው፣ አንድ ተማሪ ሲቀር «ለምን ቀረ?» ከማለት ጋር «የት ነበር የሚኖረው?» ብለው እንዲጠይቁልን ነው። ወላጆቻችንን የምንለምናቸው፣ በሚመጣው የእድር ስብሰባ ላይ ይህን ጉዳይ በአጀንዳ እንዲያስይዙልን ነው። ጓደኞቻችንን የምንለምናቸው፣ ወደ ፊት ሐኪም፣ መሐንዲስና የእርሻ ባለሙያ ለመሆን እንደምትመኙ ሁሉ፣ ከመካከላችሁ ጥቂቶች የሰፈራችሁን ነገር የሚጽፉ ጋዜጠኞች ለመሆን እንድትመኙ ነው። ያን ጊዜ በትምህርት ቤታችን መዝገብ ላይ «ትምህርቱን ያቋረጠ» ከሚለው ቃል አጠገብ ምክንያቱም ይጻፋል፤ ምክንያቱ የታወቀ ችግርም መፍትሔው ይፈለጋል።

ለትምህርት ቤታችንም ረጅም ዕድሜ፣ በውስጡ ለሚማሩትም ሁሉ ተረጋግተው የሚያነቡበት ቤት እንመኛለን።